በአንጎሌ ምስል ላይ የታየው ጥቁር ነገር

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ስንከራተት አንድ ጥያቄ ሳልጠየቅ ቀረሁ፤ እሱ ባለመጠየቁም ምንም ያልሆነው ግንባሬ ሊከፈት ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከእስቴም ይሁን ከስማዳ፣ ከጋይንትም ይሁን ከሌላ አገር፣ ለአንጎል ምርመራ የሚሄድ ሰው ይህን አንብቦ ቢሄድ እኔ የደከምኩትን ያህል አይደክምም ብዬ አስባለሁ።

መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ስልክና ሬዲዮ እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተጣሉ ስልኮችን እየፈታሁና እየገጠምኩ፣ አንዳንዱንም እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። ብዙ አልናገርም። ሕመሜ ቶሎ እንዳይታወቅ ያደረገውም ይህ ጠባዬ ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ ቀን አንድ ገበሬ ለጥገና የሰጠኝን ስልክ ሊወስድ መጣ። ከመምጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ የተቃጠለ ቀንድ ሸተተኝ። የብየዳ ብረቴን ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነበር። ቀጥሎ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት ነገር ከሆዴ ተነሥቶ ወደ ጉሮሮዬ ወጣ። ሰውዬው «ደረሰልኝ?» አለኝ። ሰማሁት፤ ገባኝ፤ መልሱንም አውቀዋለሁ። ቃሉ ግን አልመጣም። ደጋግሞ ጠየቀኝና «ይሄ ልጅ ናቀኝ» ብሎ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ሄደ። አጠገቤ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ ሳቀ። «አይክፋህ፤ እሱ ድሮም ቃል በሚዛን ነው የሚሸጥ» አለው ከኋላው ተጣርቶ።

ልሳኔ ጠፍቶ ነበር። ዝምተኛ ስለሆንኩ ግን ማንም አላወቀልኝም።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ደሜን ወስዶ ታይፎይድና ታይፈስ ነው አለኝ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ሽታው አልጠፋም። ሁለተኛው «ከሆድህ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል አላልክም? ጨጓራ ነው» አለኝ፤ በርበሬ ተውኩ። ሦስተኛው ጋ ስሄድ የምናገረውን መንገድ ላይ አሰናድቼ ነበር። መጀመሪያ ሽታው፣ ቀጥሎ ከሆድ የሚነሣው፣ ከዚያ የቃል መጥፋት፤ ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የሚመጣው ልለው ነው። ሽታው ላይ እንዳለሁ አቋረጠኝና «አላገባህም? ጭንቀት ነው፤ አግባ» አለኝ። መናደዴን ያወቀ ሰው የለም፤ ስናደድም ዝም ነው የምለው።

በመጨረሻ ሥራ ላይ እያለሁ ወደቅሁ። ስነቃ ልብስ ሰፊው ራሴን ደግፎ ይዞ ነበር፤ ምላሴን ነክሻለሁ፤ የብየዳ ብረቱ የእጄን አንጓ አቃጥሎኛል። ያ ጠባሳ አሁንም አለ። ወሬው ከወገዳ ወዲያ ገጠር የምትኖረው እናቴ ዘንድ ደረሰ፤ አንድ ቀን ሳታድር መጣች። ከእሷ ጋር ታላቅ ወንድሟ ጋሼ አለልኝ ነበሩ። መጀመሪያ የወሰዱኝ እናቴ ክርስትና የተነሣችበት ደብር ጠበል ነው።

እምነት የምንለውን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከጠበል ቦታ ተነሥቶ ሕመምተኛ የሚቀባው አፈር ወይም አመድ ነው። የእናቴ ደብር እምነት ጠበሉ ከሚፈልቅበት ድንጋይ ሥር የሚነሣ ጥቁር አፈር ነው፤ ደቃቅ ነው፣ ከመጠኑ በላይ ይከብዳል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ያብረቀርቃል። እናቴ በጠበል ለውሳ ከቅንድቤ እስከ ጸጉሬ ሥር ወፍራም አድርጋ ቀባችኝ። ከዚያ በኋላ ደብረ ታቦር ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስል አልተቃወመችም።

«ሐኪሙ ያለህን ሁሉ አድርግ፤ እኔ አልከለክልህም» አለችኝ። «ይህን ግን ከግንባርህ እንዳታነሣው።»

«ስታጠብስ እማ?»

«ከቅንድብህ በታች ታጠባ።» የምደርበውንም በትንሽ ጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ።

ደብረ ታቦር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታሪኬን እስከ መጨረሻው የሰማኝ ሐኪም አገኘሁ። የሚጥል በሽታ ነው አሉኝ። የሚጥል በሽታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የእኔ ከአንጎል አንድ ቦታ የሚነሣ ይመስላል፤ ቦታውን ለማወቅ ኤምአርአይ ያስፈልጋል። ኤምአርአይ ጨረር የለውም፤ ትልቅ ማግኔት ነው፤ ሰውነት ውስጥ ያለውን ውኃ እያነበበ ሥዕል ይሠራል። ማግኔት ስለማውቅ ይህ ገባኝ። አነስተኛ መድኃኒት ጀመሩልኝና ወደ ባሕር ዳር ጻፉልኝ። መንገድ ተዘግቶ ብዙ ቀን ጠበቅን። የሸጥነውን እዚህ አልዘረዝርም።

ማሽኑን የሚያሠራው ወጣት በር ላይ ጠየቀኝ።

«ብረት ነክ ነገር አለህ? ቀለበት፣ ቀበቶ፣ ሳንቲም?»

«አውጥቻለሁ።»

«ሰውነትህ ውስጥ ፍንጣሪ፣ ጥይት የለም?»

«የለም።»

«ማተብህ ላይ መስቀል አለ?»

«አጎቴ ይዘውልኛል።»

ወጣቱ ግንባሬን አየ። አፉን ከፈት አደረገ፤ መልሶ ዘጋው። «እግዜር ይማርህ» ብሎ አስገባኝ።

ጆሮዬን በጥጥ ደፍነው፣ ፊቴ ላይ እንደ ፍርግርግ ያለ ክዳን ገጥመው፣ ጠባብ ቱቦ ውስጥ አስገቡኝ። ድምፁ ወፍጮ ቤት ውስጥ ቆርቆሮ የሚመታ ይመስላል። አልተንቀሳቀስኩም። ምራቄን እንኳ በስስት ነው የዋጥኩት፤ ሥዕሉ ከተበላሸ ሁለተኛ የመምጣት አቅም እንደሌለን አውቃለሁ።

ምስሉን ያዩት የነርቭ ሐኪም ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅለው በእስክሪብቶ አሳዩን። ከግንባሬ ኋላ፣ አንጎሉ መኖር ባለበት ቦታ፣ ጥቁር ነገር አለ። ዳር ዳሩ የተጎተተ ይመስላል።

«የቆየ ደም ሊሆን ይችላል» አሉ። «ደም ውስጥ ብረት ስላለ ሲቆይ እንዲህ ጥቁር ሆኖ ይታያል። የደም ሥር ቋጠሮ ከሆነ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል።»

«ግንባሩን ከፍታችሁ?» አሉ ጋሼ አለልኝ።

«አዎ አባቴ። ቦታው ደግሞ ከባድ ነው። ጠባይን ይነካል፤ ንግግርንም ሊያጎድል ይችላል።»

ጋሼ አለልኝ ዞረው አዩኝ። «ከዚህ የባሰ ዝም ካለማ ደጃፍ ላይ እንደ ምሰሶ እናቆመዋለን» አሉ። ሐኪሙ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከክፍሉ እንደወጣን ግን ጋሼ አለልኝ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ግድግዳውን ተደገፉ።

ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቄያቸው ነበር፤ ሽታውና ከሆዴ የሚነሣው ነገር ከግንባር ይመጣል ወይ ብዬ። «ሊመጣ ይችላል» አሉኝ። የተበላሸ ሬዲዮ ስፈታ ምልክቱ አንድ ቦታ እያመለከተኝ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ከተገኘ አንዱን በትክክል አላየሁትም ማለት ነው። ግን እኔ ማን ነኝና ዝም አልኩ።

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ጻፉልኝ። እዚያ ያሉ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ራስ ቅሌን ከመክፈታቸው በፊት የረቀቀ ምርመራ አዘዙ። ማሽኑ ጉልበቱ ከፍ ያለ ነው፤ አንጎልን በጣም ስስ አድርጎ ቆርጦ ያሳያል፤ ሰው ቃል ሲያስብ የትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚሠራም ያሳያል። የንግግሬን ቦታ አስቀድመው ካወቁ ቢላዋው አይነካውም። እስከዚያ ቀን ድረስ ስተኛ የምፈራው ሞትን አልነበረም። የተማረ አፍ የለኝም፤ ያለችኝን ጥቂት ቃል የሚወስዱብኝ ይመስለኝ ነበር። ሞፈር፣ ቀንበር፣ ድግር፣ ማረሻ፣ ወገል እያልኩ የእርሻ ዕቃ ስም በልቤ እጠራለሁ። ሁሉም በቦታቸው መኖራቸውን ሳረጋግጥ እንቅልፍ ይወስደኛል።

የአዲስ አበባው መጠበቂያ ክፍል ትዕግሥቴን ጨረሰው። መጀመሪያ ወረቀታችሁ ማኅተም ጎድሎታል ተብለን ተመለስን፤ ስንመለስ ማሽኑ ቆሟል ተባልን፤ ማሽኑ ሲሠራ የሚያነበው ሐኪም የለም። ለምን ብዬ ብጠይቅ መልሱ «ተቀመጥ» ነው። በመጨረሻው ቀን አጠገቤ ከእኛው አገር፣ ከአርብ ገበያ የመጣች ሴት ተቀምጣለች፤ እግሯ ሥር የጠበል ፕላስቲክ፣ ጭኗ ላይ የተኛች ትንሽ ልጅ። ልጅቱም እንደ እኔ ትወድቃለች። ሴትዮዋ በሶ በጥብጣ ሰጠችኝ። ከብዙ ቀን በኋላ የአገሬን ነገር ቀመስኩ።

«ግንባርህ ላይ ያለው የየት ደብር ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት።

«ዝናውን ሰምቻለሁ። አልቆብኝ ነው እንጂ እኔም ይዤ ነበር። ለልጄ ትንሽ ትሰጠኛለህ?»

ጨርቁን ፈታሁላት። በጣቷ ዘግና፣ ከጠበሉ ጠብ አድርጋ፣ የልጅቱን ግንባር ቀባች። እኔም ለራሴ ደረብኩበት።

ስሜ ተጠራ። ቱቦው ውስጥ ገባሁ። «በል ስንልህ ድምፅ ሳታወጣ የምታውቃቸውን ቃላት አስብ» አሉኝ። በል ሲሉኝ ሞፈር ብዬ ጀመርኩ። ማረሻ ላይ ሳልደርስ ማሽኑ ጸጥ አለ፤ ጎትተው አወጡኝ። ምስሉን የሚያነቡት ሐኪም፣ ሴት ናቸው፣ ራሳቸው ገቡ።

«ይህ ግንባርህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«እምነት ነው።»

«አመድ ነው ወይስ አፈር?»

«አፈር ነው። ከጠበሉ ሥር የሚነሣ ጥቁር አፈር።»

«ባሕር ዳር ስትነሣም ነበረህ?»

«ከዚያ በፊት ጀምሮ ከግንባሬ ወርዶ አያውቅም።»

የባሕር ዳሩን ፊልም አስመጥተው ብርሃኑ ላይ አደረጉት። ደጋግመው አዩት።

«እዚያ ማንም አልጠየቀህም?»

«ስለ ብረት ጠየቁኝ። ብረት የለኝም አልኳቸው።»

«ነበረህ» አሉኝ። እንዲህ ያለ ከባድ ጥቁር አፈር በጣም ደቃቅ የብረት ቅንጣት ሊኖረው ይችላል። በሌላ ቦታ ጉዳት የለውም። ማግኔቱ አጠገብ ሲሆን ግን በዙሪያው ያለውን ምስል ይጎትተዋል፣ ያጠቁረዋልም። የረቀቀው ምርመራ ደግሞ ለብረት ይበልጥ ስሱ ስለሆነ የግንባሬን ክፍል በሙሉ ጥቁር አድርጎ አሳያቸው። አንጎል እንዲህ ጎድሎት የሚራመድ ሰው ስለሌለ ነው ከውጭ የመጣ ነገር ነው ብለው የጠረጠሩት። ማሽኑ የደምን ብረትና የአፈርን ብረት አይለይም።

ያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ አልነበረም። ንዴት ነበር። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ወረፋ፣ የጋሼ አለልኝ ፊት በጋቢው ውስጥ፣ ሁሉም በአንድ ሳሙና የሚለቅ ነገር ነበር። ሳሙና ሰጡኝና ታጠብኩ። ውኃው ጠቁሮ ሲወርድ እያየሁ ልጅቱ ትዝ አለችኝ።

ፊቴን ሳላደርቅ ወደ መጠበቂያው ክፍል ወጣሁ። ልጅቱ ተጠርታ እናቷ ነጠላዋን እያስተካከለችላት ነበር። ክፍሉ በሰው ሞልቷል። በሕይወቴ በሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።

«እታለም፣ ቆይ! አታስገቢያት። ግንባሯን እጠቢያት።»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። «ምን?»

«እምነቱን። ብረት አለበት፤ ማሽኑን ያሳስተዋል። የእኔን አሳስቶብኛል።»

«አንተ ራስህ አልነበርክ የሰጠኸኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰጥተህ ደግሞ ጥረጊ ትለኛለህ? የእግዚአብሔርን ነገር?» የሰው ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ዞረ። አንድ ሽማግሌ «ይሄ ጴንጤ ነው እንዴ?» አሉ። ጋሼ አለልኝ ከጥግ «ጴንጤ አይደለም፤ ዛሬ ገና አፉን ከፈተ» አሉ።

ግንባሬን አሳየኋት። «እኔም ታጥቤአለሁ። ምንም ያልነበረበትን ግንባሬን ሊከፍቱት ነበር እታለም። ለልጅሽም እንደዚያ እንዲሉሽ ትፈልጊያለሽ?»

በሩ ላይ የቆመው ሰው እንደገና ስም ጠራ። ሴትዮዋ አጎንብሳ የጠበሉን ፕላስቲክ አነሣች። «በጠበል ከሆነ አጥባታለሁ» አለች። ወደ መታጠቢያው ወስዳ ጠበሉን በጥቂት በጥቂቱ አፈሰሰችባት፤ በነጠላዋ ጫፍም ጠረገቻት። ቅንድቧ ውስጥና ጸጉሯ ሥር የቀረ ስለነበር እሱንም አሳየኋት። ልጅቱ «ቀዘቀዘኝ» ብላ አኮረፈችኝ። ከዚያ ገባች። ውጤቷን አላውቅም፤ ምስሏ ግን እምነት የሌለበት ነበር።

እኔም ዳግም ገባሁ። ሞፈር፣ ቀንበር፣ ድግር፣ ማረሻ። በዚህ ጊዜ እስከ መጨረሻው ጠራኋቸው።

ግንባሬ ንጹሕ ነው። ጥፋቱ በግራ ጆሮዬ ትይዩ፣ ወደ ውስጥ፣ ትዝታ የሚያዝበት ክፍል ውስጥ ተገኘ፤ ከቀኙ ጋር ሲተያይ ኮስሶ ጠባሳ ይዟል። ሽታውም፣ ከሆድ የሚነሣውም፣ የቃል መጥፋቱም ከዚያ አካባቢ እንደሚመጣ ሐኪሟ አስረዱኝ። ምልክቱና ቦታው ተገናኙ። የነርቮቼን ገመዶችም በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ቀለም አሳዩኝ፤ ከዚያ ቀደም ያን ያህል ያማረ የስልክ ቦርድ አይቼ አላውቅም። ለጊዜው ቢላዋ አያስፈልግም፤ ያን ጥቁር ነገር ስንከታተል መድኃኒቴ በአነስተኛው ልክ ቆሞ ስለነበር እሱ ይስተካከል ተባለ።

ሐኪሟ በሕፃንነቴ በትኩሳት ተንቀጥቅጬ እንደሆነ ጠየቁኝ። ለእናቴ ደወልኩ።

«እንዴት አልተንቀጠቀጥክም» አለችኝ። «ዓይንህ ዞሮ፣ ሞተ ተብሎ ተለቅሶልህ ነበር። በዚሁ እምነት ነው የዳንክልኝ።»

በስልክ ሌላ ነገር ልነግራት አልቻልኩም።

ስንመለስ ባሕር ዳር ላይ ያን ወጣት ፈልጌ አገኘሁት። አስታወሰኝ፤ ነገርኩት። እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«አይቼዋለሁ» አለኝ። «ጥረገው ልልህ አፌን ከፍቼ ነበር። እምነት ጥረግ ብዬ እኔ ማን ነኝ አልኩና ተውኩት። ትንሽ ነገር ምን ያደርጋል ብዬ።»

ልቆጣው ነበር የሄድኩት። አልተቆጣሁትም። እሱ ቦታ ብሆን እኔም ዝም እል ነበር።

መድኃኒቱ ከተስተካከለ በኋላ ወድቄ አላውቅም። ሽታው አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ቃሌን ሳይወስድ ይሄዳል። ለሚያነበኝ የምለው ይህን ነው። ማሽኑ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ሰውነታችሁ ላይ ያለውን ሁሉ ተናገሩ፤ እምነትም ይሁን ኩል፣ ብረት ባይመስላችሁም። ጠበል የምትጠመቁ ተጠመቁ፤ ክኒኑን ግን አታቋርጡ። ምልክታችሁን በመጣበት ቅደም ተከተል ተናገሩ፤ ሐኪሙ ሲያቋርጣችሁም ካቆማችሁበት ቀጥሉ።

የእምነቱን ነገር ለእናቴ የነገርኳት ቤቷ ሄጄ ነው። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የፈታሁትን ማግኔት ይዤ ሄድኩ። ከቋጠሮው ትንሽ እምነት ወረቀት ላይ አፍስሼ ማግኔቱን ከወረቀቱ ሥር አስጠጋሁት። ጥቁሩ አፈር እንደ ጃርት እሾህ ቀጥ ብሎ ቆመ። እናቴ ጎንበስ ብላ አየችው። አማተበች።

«ለምንድን ነው የሚቆመው?»

«ብረት አለበት እማ። ማሽኑ ደግሞ ትልቅ ማግኔት ነው። በዚህ ምክንያት ነው ግንባሬ ውስጥ ደም አለ ያሉት።»

አፈሩን በጣቷ ነካ አደረገችው። እንዳታለቅስ ፈራሁ።

«ብረት መሆን ኃጢአት ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ እሱ ምን አጠፋ? የተሳሳተው ማሽኑ ነዋ።»

«እንደዚያም ይባላል።»

«ያኔ ሕፃን ሆነህ በምን የዳንክ ይመስልሃል?»

«አላውቅም እማ።»

ማግኔቱን ከእጄ ወስዳ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው፤ የቆመው አፈር ተመልሶ ተኛ። ለክትትል አዲስ አበባ የምሄደው ነገ ነው።

«እዚያ ማሽን ውስጥ ደግሞ ትገባለህ?»

«እገባለሁ።»

«የሚያነሡህ ራስህን ነው አይደል? እግርህን አያነሡትም?»

«አያነሡትም።»

«እንግዲያውስ ጫማህን አውልቅ» አለችኝ፤ ጠበሉን ልታመጣ ተነሣች።

አወለቅኩ። ውስጥ እግሬን ሁለቱንም ቀባችኝ፤ ቀዝቃዛ ነበር። አዲስ አበባ ስደርስ ማንም ሳይጠይቀኝ በሩ ላይ እግሬ ላይ ያለውን እነግራቸዋለሁ። እጠበው ካሉኝም አጥበዋለሁ፤ በጠበል።